ከመርፌው በፊት ያለችው ሰዓት



በዛሬው ምሽት የጤና ትምህርታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ፣ የሰው ሥጋ ከደዌ ለመዳን የሚያስነሣው ኃይል ከልኩ ባለፈ ጊዜ ባለቤቱን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ሐኪሞችም ይህን ያለ ልክ የተነሣ ኃይል ፀረ እንግዳ አካል ወይም አንቲቦዲ በሚባለው ረቂቅ ነገር አማካይነት እንዴት እንደሚገቱት ነው። ነገሩ በሩቅ አገር ቤተ ሙከራ ብቻ የተመረመረ ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን ለዚህ ጥበብ ከቆሙት ግልጽ ምስክሮች አንዱ የተገኘው በዚችው በአዲስ አበባ ከተማ፣ ኑሮ በከበዳቸው ሕሙማን አልጋ አጠገብ ነውና፣ ታሪኩን ከራሳችን ደጅ ጀምረን ብንተርከው የተገባ ይሆናል።

በሐምሌና በነሐሴ ወር፣ በከተማችን ምዕራባዊ ዳርቻ በአስኮ የሚኖር ሰው ማለዳ ወደ ቡራዩና ወደ ገፈርሳ በሚያወጣው መንገድ ዳር ቢቆም፣ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጡ ወጣቶች በጭቃው ዳር ሆነው የሚቀጥራቸውን ሰው ሲጠባበቁ ያያል። ብርዱ ስለሚጸናባቸው ያላቸውን ልብስ ሁሉ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው ይለብሳሉ፤ ሌሊቱንም ኪራዩን ለመካፈል ሲሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ብዙ ሆነው፣ ጎን ለጎን ተጠጋግተው፣ አንዱን ብርድ ልብስ ለሁለትና ለሦስት ለብሰው ያድራሉ። የታጠበ ልብስ የሚደርቅበት ፀሓይ ስለማይገኝ፣ መቀየሪያም ስለሌላቸው፣ ልብሱ ከገላቸው ሳይወርድ ይሰነብታል፤ በልብሱም ስፌት ውስጥ ቅማል ይራባል። ይህን የምንናገረው ማንንም ለማሳፈር አይደለም፤ ቅማል የብርድ፣ የመጨናነቅና የማጣት ልጅ እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለምና።

ይህ የልብስ ቅማል ከሚያመጣቸው ደዌዎች አንዱ ሕዝባችን ግርሻ የሚለው፣ በሐኪሞች ዘንድ የሚያገረሽ ትኩሳት የሚባለው ነው። ምክንያቱ እንደ ጠጉር የቀጠነና የተጠማዘዘ፣ ቦሬሊያ ሬከረንቲስ የተባለ ረቂቅ ተሐዋሲ ሲሆን፣ ይህን የመሰለውን ተሐዋሲ በሕሙማን ደም ውስጥ ሲንቀሳቀስ በመጀመሪያ ያየው ጀርመናዊው ሐኪም ኦቶ ኦበርማየር፣ እ.ኤ.አ. በ1868 በበርሊን ከተማ ነበር። ሰው ገላውን ሲያክ ቅማሉን የጨፈለቀው እንደ ሆነ፣ ከቅማሉ ሰውነት የወጣው ተሐዋሲ በተቧጨረው ቆዳ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ሳምንት ያህል ቈይቶም ትኩሳቱ በድንገት ይነሣል፤ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ቍርጥማት፣ ነስር፣ አንዳንድ ጊዜም የዓይን ቢጫ መሆን ይከተሉታል። ትኩሳቱ ጥቂት ቀናት ሲያቃጥል ሰንብቶ እንዲሁ በድንገት ይለቃል፤ ድውዩም ድኜአለሁ ብሎ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ፣ ሳምንት ያህል ቈይቶ እንደ ገና ያገረሽበታል።

የማገርሸቱ ምሥጢር አስደናቂ ነው። የሰው ሥጋ የተሐዋሲውን ውጫዊ ሽፋን ለይቶ ዐውቆ፣ ለዚያው ሽፋን የሚስማማ ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጅቶ ጠላቱን ከደሙ ያጠፋዋል፤ ይሁን እንጂ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ሽፋናቸውን ለውጠው፣ ሌላ ልብስ እንደ ለበሰ ሽፍታ ሳይታወቁ ይቀሩና እንደ ገና ይበዛሉ። ሕክምና ካላገኙት ሕሙማን መካከል ከመቶው ከአሥር እስከ አርባ የሚደርሱት ሊሞቱ ይችላሉ፤ በጊዜው ከታከሙት ግን የሚሞቱት ከመቶው ከሁለት እስከ አምስት የሚሆኑት ናቸው። መድኃኒቱም ርካሽና የታወቀ ነው፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ይበቃል።

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ትምህርታችን ፍሬ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሕመምተኛው የመድኃኒቱን መርፌ በተወጋ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ሊሻለው ሲገባ ይብስበታል፤ አልጋው እስኪነቃነቅ ድረስ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ከቀድሞው በላይ ይወጣል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ አእምሮውም ይናወጣል፤ ከዚያም ላብ ያጠምቀውና የደሙ ግፊት ይወርዳል፤ በዚህም ጊዜ አንዳንዱ ድውይ ነፍሱ ልታልፍ ትችላለች። አስታማሚው መድኃኒቱ የገደለው ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፣ ተሐዋስያኑንም ከደም እያጠፋ ነው፤ መከራውን የሚያመጣው የሥጋ የራሱ ቍጣ ነው። ይህን ምላሽ አዶልፍ ያሪሽ የተባለው ኦስትርያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895፣ ካርል ሄርክስሃይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ደግሞ በ1902 ቂጥኝን በሜርኩሪ ሲያክሙ አይተው ስለ ጻፉበት፣ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም የያሪሽ ሄርክስሃይመር ምላሽ ይባላል።

ስለ ምን ይሆን የሥጋ ኃይል እንዲህ የሚቈጣው? በደማችን ውስጥ የሚዞሩ፣ እንግዳን ነገር ውጠው የሚያጠፉ ነጫጭ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት ጠላት ባዩ ጊዜ ለሌሎች ሕዋሳት የሚልኳቸው መልእክተኞች ሲኖሩ፣ ከነዚህ ዋነኛው ቲ.ኤን.ኤፍ. የሚባለው ነው። ይህ መልእክተኛ በመጠኑ የተላከ እንደ ሆነ ሥጋን ለተጋድሎ ያነቃዋል፤ ትኩሳት ያስነሣል፣ የደም ሥሮችን ይከፍታል፣ ሕዋሳትንም ወደ ውጊያው ቦታ ይጠራል። ነገር ግን በደም ውስጥ የነበሩት እጅግ ብዙ ተሐዋስያን ፔኒሲሊን በነካቸው ጊዜ በአንድነት ወደ ጥፋት ሲሄዱ፣ ነጫጮቹ ሕዋሳት ይህን ሁሉ መልእክተኛ በአንዲት ሰዓት ውስጥ ይለቁታል፤ በየመንደሩ በተራ ሊደወል የሚገባው ደወል በአገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ እንደ ተደወለ ይሆንና፣ ለማዳን የተነሣው ሠራዊት የሚጠብቀውን ቤት ይረጋግጠዋል። ይህም ግምት ብቻ እንዳይደለ፣ በአገራችን የግርሻ ሕሙማን ደም ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት ቲ.ኤን.ኤፍ.ና ባልንጀሮቹ የሆኑት መልእክተኞች በምላሹ ጊዜ ከፍ ብለው እንደሚታዩ ተረጋግጧል።

የአዲስ አበባ ሐኪሞች ይህን ምላሽ ለመግታት የደከሙት ከረዥም ዘመን ጀምሮ ነው። ከኢትዮጵያ ጋር ረዥም የሥራ ዝምድና የነበራቸው እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ዋረል፣ ገና በወጣትነታቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር በአዲስ አበባ የግርሻን ሕሙማን አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። ብዙ ቍጣ የሚያበርደው የኮርቲዞን ወገን መድኃኒት እንኳ ምላሹን ሊያስቀረው አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሜፕታዚኖል የተባለ የሕመም ማስታገሻ ምላሹን በጥቂቱ እንደሚያለዝበው ታየ፤ የነገሩ ሥር ግን ገና አልተነካም ነበር።

ወደ ሥሩ የሚያደርሰው መንገድ የፀረ እንግዳ አካል መንገድ ነበር። ፀረ እንግዳ አካል ማለት ሰውም ሆነ እንስሳ ባዕድ ነገር ወደ ደሙ ሲገባ፣ ያንን ባዕድ ነገር ብቻ ለይቶ እንዲይዝ የሚሠራው፣ ሁለት ክንድና አንድ ግንድ ያለው ረቂቅ አካል ነው። ኤሚል ፎን ቤሪንግና ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ እ.ኤ.አ. በ1890 በአንድ እንስሳ ደም ውስጥ የተዘጋጀ የመከላከያ ኃይል ወደ ሌላው ቢተላለፍ መርዝን እንደሚያከሽፍ አሳይተዋል። ሮድኒ ፖርተርም እ.ኤ.አ. በ1959 ይህ አካል ከፓፓያ በሚገኝ ፓፔይን በተባለ ኢንዛይም ሲቈረጥ፣ ክንዶቹ ከግንዱ ተለይተው የመያዝ ኃይላቸውን ሳያጡ እንደሚቀሩ ገለጠ። ስለዚህ ሊቃውንቱ እንዲህ ብለው አሰቡ፤ ፀረ እንግዳ አካል ከውጭ የመጣን ጠላት ለመያዝ ከቻለ፣ ከልኩ ያለፈውን የሥጋን የራሱን መልእክተኛ ይዞ ለማስቀረት ስለ ምን አይችልም? በግ የሰውን ቲ.ኤን.ኤፍ. በመርፌ ብትወጋ ባዕድ ነውና ፀረ እንግዳ አካል ትሠራለታለች፤ ያም ከደሟ ተጣርቶ፣ ክንዶቹ ከግንዱ ተለይተው፣ ለሰው መድኃኒት ይሆናል።

ይህ አሳብ በተግባር የተፈተነው በአዲስ አበባ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ሐኪም የሆኑት ዳንኤል ፈቃደ፣ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋርና ዴቪድ ዋረል ካሉበት ከእንግሊዝ አገር ቡድን ጋር ሆነው፣ ደማቸው ተመርምሮ ግርሻ የተገኘባቸውን 49 ሕሙማን መረጡ። ከነዚህም 20ዎቹ ፔኒሲሊን ከመወጋታቸው በፊት ከበግ የተገኘውን ፀረ እንግዳ አካል ተቀበሉ፤ 29ኙ ግን ለማነጻጸሪያ ምንም ኃይል የሌለውን ፈሳሽ ተቀበሉ። ምደባው በዕጣ ነበር፤ ሐኪሙም ሕመምተኛውም የትኛው ለማን እንደ ደረሰ አያውቁም ነበር፤ ይህም ምኞት በፍርድ ላይ እንዳይገባ የሚደረግ የጥናት ሕግ ነው። ውጤቱ በሐምሌ ወር 1988 ዓ.ም. ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን በተባለው ስመ ጥር የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። የማነጻጸሪያውን ፈሳሽ ከተቀበሉት 29 ሕሙማን 26ቱ ያን ክፉ ምላሽ ሲያዩ፣ ፀረ እንግዳ አካሉን ከተቀበሉት 20 መካከል ያዩት 10ሩ ብቻ ነበሩ። የትኩሳቱም ጭማሪ በመጀመሪያዎቹ በአማካይ 1.5 ዲግሪ ሲሆን በኋለኞቹ 0.8 ሆነ፤ የልብ ምት ጭማሪውም በደቂቃ ከ31 ወደ 13 ዝቅ አለ።

ይህን ቍጥር በሚገባ ልናስተውለው ይገባል። በዚያው ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ፣ ደማቸው በተመረዘ ብዙ ሕሙማን ላይ የቲ.ኤን.ኤፍ. ፀረ እንግዳ አካል በብርቱ ወጪ ተሞክሮ የታሰበውን ያህል ሕይወት ሊያድን አልቻለም ነበር። ስለ ምን በዚያ ያልሆነው በአዲስ አበባ ሆነ? በዚያ ያሉት ሐኪሞች ሕመምተኛውን ያገኙት ደወሉ ከተደወለ፣ ሠራዊቱም ከወጣ በኋላ ነበር። አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1985 በአይጦች ላይ በተደረገው ምርመራም ፀረ እንግዳ አካሉ የተሐዋሲ መርዝ ከመወጋታቸው በፊት የተሰጣቸውን አይጦች ከሞት ጠብቋቸዋል። በግርሻ ግን መዓቱ የሚነሣበት ሰዓት አስቀድሞ ይታወቃል፤ መርፌውን የሚወጋው ራሱ ሐኪሙ ነውና። ስለዚህ ከመርፌው በፊት ያለችው ጥቂት ጊዜ፣ ቍጣው ሳይነሣ የሚገታባት የጸጋ ሰዓት ሆነች። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉትን ምሳሌ፣ በማጣት ምክንያት በግርሻ የተያዙት እነዚያ ድኾች በሥጋቸው ለዓለም ጥበበ ፈውስ አስተማሩት፤ ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ ባይጻፍም ምስጋናችን የማይገባቸው አይደሉም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይኸው የጊዜ ሕግ በያንዳንዳችን ቤት አጠገብ በሚገኝ በሌላ ነገር ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በአገራችን የመጀመሪያ ልጇ በደኅና ተወልዶ የኋለኞቹ ልጆቿ በማሕፀን ወይም በተወለዱ በጥቂት ቀን ውስጥ የሚሞቱባት እናት፣ ሾተላይ አለባት ትባል ነበር። በጥንቱ የክታብ ጽሑፍ ሾተላይ ሕፃናትን የሚቀሥፍ ርኩስ መንፈስ ሆኖ ይገኛል፤ ስንት እናት ደም እያነባች ክታብ አስጽፋ በአንገቷ አንጠልጥላለች። ለሾተላይ ብዙውን ጊዜ ምክንያት ሆኖ የሚገኘው ግን የደም አለመስማማት ነው። እናቲቱ አር.ኤች. ኔጌቲቭ፣ ልጁ ደግሞ እንደ አባቱ አር.ኤች. ፖዘቲቭ በሆነ ጊዜ፣ በመውለድ ሰዓት ጥቂት የልጁ ደም ወደ እናቲቱ ደም ይገባል፤ ሥጋዋም ባዕድ መጣ ብሎ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። የበኵር ልጅ ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ የተሠራው ፀረ እንግዳ አካል ግን ከእናቲቱ ደም ሳይጠፋ ይኖርና፣ በሚቀጥለው እርግዝና በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የሕፃኑን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል።

በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል፣ በአሜሪካም በኒው ዮርክ የነበሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያገኙት መድኃኒት፣ ፀረ እንግዳ አካልን በፀረ እንግዳ አካል የሚገታ ነው። አንቲ ዲ የተባለውን፣ ከሰው ደም የተጣራ ፀረ እንግዳ አካል፣ ለእናቲቱ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ቢሰጧት፣ የልጁን ደም ሥጋዋ ሳያውቀው፣ የራሷም ፀረ እንግዳ አካል ሳይሠራ ይቀራል፤ በ28ኛው የእርግዝና ሳምንትም አስቀድሞ ቢሰጥ ጥበቃው ይጠነክራል። ሥጋዋ አንድ ጊዜ ነቅቶ ከሠራ በኋላ ግን ይህ መርፌ ምንም አይጠቅምም። እንግዲህ በግርሻ ከመርፌው በፊት ያለችው ጥቂት ጊዜ፣ በሾተላይ ሦስት ቀን፤ ልኩ ይለያይ እንጂ ሕጉ አንድ ነው።

የቲ.ኤን.ኤፍ. ፀረ እንግዳ አካል ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ብዙ መንገድ ሄዷል። ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ በለንደን ባደረጉት ምርምር መገጣጠሚያን ለሚያጣምም የቍርጥማት ደዌ ፍቱን ሆኖ ተገኘ፤ ለአንጀት ቍስለትና ለቆዳ ደዌም ይሰጣል። ነገር ግን ቲ.ኤን.ኤፍ. ከንቱ ፍጥረት እንዳይደለ መዘንጋት አይገባም። በሳንባችን ውስጥ ተኝቶ የሚኖረውን የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ የሥጋ ኃይል አጥሮ የሚይዘው በዚሁ መልእክተኛ ረዳትነት ነው፤ መልእክተኛው ለረዥም ጊዜ የታሰረ እንደ ሆነ፣ የተኛው ነቀርሳ ሊነቃ ይችላል። ስለዚህ ነቀርሳ በበዛበት አገራችን፣ ይህን መድኃኒት ሊጀምር ያለ ሰው አስቀድሞ ስለ ነቀርሳ መመርመሩ የግድ ነው። ጥበብ ያለው የሥጋን ኃይል በማጥፋት ላይ ሳይሆን፣ መጠንና ጊዜ በመስጠት ላይ ነው።

የበጉ ፀረ እንግዳ አካል ግን በየጤና ጣቢያው ለግርሻ የሚሰጥ መድኃኒት አልሆነም፤ ዋጋው ለዚያ አይመችምና። ይህ ሲነገር ማዘናችን አይቀርም፤ እውቀቱን በሥጋቸው የከፈሉት ድኾች ከእውቀቱ ፍሬ ገና አልቀመሱምና። ሆኖም ጥናቱ ያስተማረው ሕግ ዋጋ ሳይጠይቅ በእጃችን ይገኛል። ግርሻ የተያዘ ሰው መርፌውን ተወግቶ ወዲያው ወደ ቤቱ አይሂድ፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተኝቶ፣ የሚገባው ፈሳሽ እየተሰጠው፣ ነርሷ የልቡን ምትና የደሙን ግፊት እየተከታተለች ይጠበቅ፤ ድንገትም ተነሥቶ አይቁም። አስታማሚውም መንቀጥቀጡን ባየ ጊዜ ሕክምናው ተሳሳተ ብሎ በሽተኛውን አያውጣ፤ የሚያልፍ መከራ እንደ ሆነ ዐውቆ ባለሙያውን ይጥራ።

ከዚያም የሚቀድም ሥራ አለ። ቅማል ከሰው ገላ ተለይቶ ብዙ ቀን አይኖርም፤ ከስድሳ ዲግሪ በላይ በሞቀ ውሃ የታጠበ ወይም በካውያ በስፌቱ ላይ በሚገባ የተተኰሰ ልብስ ቅማሉም ቅጫሙም ይሞትበታል። በአስኮም ሆነ በሌላው ሰፈር የቀን ሠራተኞችን የምታሠሩ፣ ቤትም የምታከራዩ ወገኖቻችን፣ በክረምት አንድ በርሜል የፈላ ውሃና ልብስ ማድረቂያ የሚሆን አንድ ጣሪያ ያለው ስፍራ ብታዘጋጁላቸው፣ ሊቃውንት በቤተ ሙከራ ከደከሙበት የማያንስ ፈውስ ሠራችሁ ማለት ነው። እናንተም ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እኅቶቻችን፣ በመጀመሪያው የክትትል ቀን የደማችሁን ዓይነት ጠይቃችሁ በካርዳችሁ ላይ አስጽፉ፤ አር.ኤች. ኔጌቲቭ የሆናችሁ ግን የመውለጃው ቀን ሳይደርስ ስለ አንቲ ዲ ከሐኪማችሁ ጋር ተማከሩ፤ ከወለዳችሁም በኋላ ሦስቱ ቀን ሳያልፍ ሐኪሙን አስታውሱት።